ለማኅበረሰብ የቃል ታሪክ ፕሮጀክት ምስላዊ መለያ እንዴት ይዘጋጃል?

የማኅበረሰብ የቃል ታሪክ ፕሮጀክት ሰዎች ያዩትን፣ የኖሩበትንና ከቀደሙት የሰሙትን በድምፅ ወይም በቪዲዮ ቀርጾ፣ በጽሑፍ ገልብጦና በሥርዓት አደራጅቶ የሚያስቀምጥ ሥራ ነው። ምስላዊ መለያው ደግሞ ይህ ሥራ በወረቀት፣ በስክሪንም ሆነ በዐውደ ርእይ ላይ በታየ ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያስታውቁት የፊደል፣ የቀለም፣ የምልክት፣ የፎቶግራፍና የገጽ አደረጃጀት ውሳኔዎች በአንድነት ናቸው። ብዙ ቡድኖች ሥራውን የሚጀምሩት ሎጎ በመሣል ነው። ሎጎው አምሮ ይወጣል፤ የባለታሪኮቹ ስም ግን በአንዱ ፖስተር ላይ በሙሉ፣ በሌላው ላይ በግማሽ፣ በሦስተኛው ላይ ጭራሽ ሳይጻፍ ይቀራል። ቃሉን የሰጠው ሰው ከሌለ ክምችቱ የለም። ስለዚህ ይህ መመሪያ መለያውን የሚገነባው የባለታሪኩ ስም በትክክልና በክብር ከሚጻፍበት መስመር ተነሥቶ ነው፤ ሎጎው የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

1. መለያው የሚያርፍባቸውን ነገሮች ይዘርዝሩ

አንድም መስመር ሳይሠመር በፊት መለያው የሚታይባቸውን ነገሮች በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ጠያቂው አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው መታወቂያ፣ የስምምነት ቅጹ፣ ለባለታሪኩ የሚሰጠው ቅጂ ማኅደር፣ የጽሑፍ ግልባጩ የመጀመሪያ ገጽ፣ የቪዲዮው መክፈቻ፣ የድምፅ ፋይሉ ሽፋን፣ የዐውደ ርእዩ ፓነል፣ ፖስተሩና ድረ ገጹ ሁሉም ይካተቱ። ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንደሚያየው፣ ከምን ያህል ርቀት እንደሚታይና በምን እንደሚታተም ይመዝገብ።

ዝርዝሩ ሲጠናቀቅ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ ባለታሪኩ ፕሮጀክቱን መጀመሪያ የሚያውቀው በመታወቂያውና በስምምነት ቅጹ እንጂ በፖስተሩ ወይም በድረ ገጹ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በተራ ፕሪንተር በጥቁር ቀለም ታትመው በፎቶ ኮፒ የሚባዙ ናቸው። ስለዚህ ንድፉ በቅድሚያ የሚሠራው ለእነሱ ነው፤ በጥቁርና ነጭ በአንድ ገጽ ላይ ቆሞ የሚታይ መለያ በቀለም የትም ቦታ ይቆማል።

2. ከማኅበረሰቡ ጋር ይመካከሩ፣ ምልክቶችን ሳያስፈቅዱ አይውሰዱ

ዲዛይነሩ ከባለታሪኮች፣ ከቤተሰቦቻቸውና ሥራውን ከሚያስተባብሩ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር አለበት። «ምን ዓይነት ሎጎ ትፈልጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ ብዙ አያመጣም። ይልቅ ስማቸው እንዴት እንዲጻፍ እንደሚወዱ፣ ማኅበረሰቡ ራሱን በምን ስም እንደሚጠራ፣ የትኛው ቀለም የፓርቲ፣ የእምነት ወይም የኀዘን ትርጉም እንዳለውና የትኛው ምስል ለአደባባይ እንደማይወጣ መጠየቅ ይሻላል።

የማኅበረሰቡን ጥለት፣ የሸክላ ጌጥ ወይም የአምልኮ ምልክት ወስዶ የፕሮጀክት ጌጥ ማድረግ ቀላል መስሎ የሚታይ፣ መዘዙ ግን ረጅም የሆነ ውሳኔ ነው። በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1925 ባጸደቀችው ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለው የፀሐይ ምልክት «ዚያ ፑብሎ» የተሰኘው የአገሩ ነባር ሕዝብ እንደ ቅዱስ የሚቆጥረው ምልክት ነው፤ የተገኘውም ከሕዝቡ የሸክላ ሥራ ላይ ነው። ያለ ፈቃድ ስለ ተወሰደ ያስከተለው ቅሬታ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም አልተዘጋም። ምልክቱን የመፍቀድ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ በግልጽ ካልታወቀ ምልክቱን መተው ነው የሚገባው።

3. የስሙን መስመር ይንደፉ

የሥራው እምብርት ይህ ነው፤ ከሁሉም ደረጃ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የስም መስመር የምለው በፎቶ ሥር፣ በግልባጩ ራስጌ፣ በቪዲዮው ግርጌና በፓነሉ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል የሚታየውን አጭር መግለጫ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊደረደር ይችላል፦

የባለታሪኩ ሙሉ ስም
ባለታሪኩ ስለ ራሱ የመረጠው አጭር መግለጫ
ቃሉ የተቀረጸበት ቦታና ቀን
ጠያቂ፣ ድምፅ ወይም ምስል ቀራጭ፣ ተርጓሚ
የክምችት ቁጥር

አጭርና የማይለወጥ ቅደም ተከተል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ጀርመናዊው ሠዓሊ ጉንተር ዴምኒግ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረውን የ«ሽቶልፐርሽታይን» ሥራ መመልከት ይበቃል። በናዚዎች የተሳደዱና የተገደሉ ሰዎች በመጨረሻ በፈቃዳቸው ይኖሩበት በነበረው ቤት ደጃፍ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የናስ ሰሌዳ ያለው ድንጋይ ይተከላል። በአብዛኞቹ ላይ «እዚህ ይኖር ነበር» የሚል መክፈቻ፣ ከዚያ ስም፣ የትውልድ ዓመትና የደረሰበት ዕጣ ተከታትለው ይቀረጻሉ። ሎጎ የለውም፤ ሆኖም በብዙ አገሮች የሚያልፍ መንገደኛ ገና ሲያየው ምን እንደሆነ ያውቃል። መለያ የሆነው የሰሌዳው መጠን፣ የናሱ ቀለምና የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው።

የስሙን መስመር ሲነድፉ የሚከተሉት ጉዳዮች አስቀድመው ይወሰኑ። ስሙ ባለታሪኩ ራሱ በሚጽፈው ፊደል ይጻፍ፤ ማዕረግ የሚጨመረው እሱ ከፈለገ ብቻ ነው። ንድፉ በክምችቱ ውስጥ ባለው ረጅሙ ስም ይፈተን፤ ስሙ ከመስመሩ ካለፈ በስምና በአባት ስም መካከል ወደ ሁለተኛ መስመር ይውረድ እንጂ ፊደሉ አይነስ፣ ስሙም አይቆረጥ። ታዋቂ የሆነ ባለታሪክ ከሌላው የሚበልጥ የፊደል መጠን አይሰጠው፤ ይህን ሕግ መጣስ የሚያስከትለውን ቅሬታ የትኛውም ሌላ የዲዛይን ውበት አይሽረውም። በአካባቢው ከአንድ በላይ የዘመን አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ የትኛው እንደሆነ ከቀኑ ጋር ይጠቀስ። የክምችት ቁጥሩ ዓመቱን፣ የባለታሪኩን ተራና የቃለ ምልልሱን ዙር ቢይዝ፣ ለምሳሌ 2024-017-02 ቢሆን፣ ፎቶውን ከድምፅ ፋይሉና ከግልባጩ ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት አይበጠስም።

ስማቸው እንዳይገለጽ የሚፈልጉ ባለታሪኮች መኖራቸው አይቀርም። ለእነሱ የሚሠራው መስመር ከሌሎቹ እኩል ስፋትና ክብር ያለው መሆን ይኖርበታል፤ በስሙ ቦታ የክምችት ቁጥሩ ወይም ባለታሪኩ የመረጠው ሌላ መጠሪያ ይግባ። ከጀርባ በበራ መብራት የተነሣ ጥቁር የሰው ጥላ መጠቀም ሰውየውን ተጠርጣሪ ያስመስለዋል። የእጅ ፎቶም ቢሆን በቀለበት፣ በጠባሳ ወይም በንቅሳት ማንነትን ሊያጋልጥ ስለሚችል በፎቶው ቦታ ባዶ የቀለም መደብ መተው ይመረጣል።

4. ፊደሉን ይምረጡ

የፎንት ምርጫ የጣዕም ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የትክክለኛነት ጉዳይ ነው። በግዕዝ ፊደል ካዕቡንና ሣልሱን የሚለየው ብዙ ጊዜ የአንዲት አጭር ጭረት ቦታ ነው፤ «ቡ» ጭረቱ ከቀኝ እግሩ መሃል ላይ ሲሆን «ቢ» ከታች ነው፤ «ሱ»ና «ሲ»ም እንዲሁ። ፊደሉ ሲያንስ፣ በጣም ሲደምቅ ወይም በፎቶ ኮፒ ሲደበዝዝ ጭረቷ ከእግሩ ጋር ትዋሐድና የሰው ስም ሌላ ስም ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ለፈተና የሚታሰበውን ፎንት ወስደው በክምችቱ ውስጥ ያሉትን ስሞች በ8፣ በ10 እና በ12 ነጥብ ያትሙ፤ ከዚያ የኮፒውን ኮፒ አንሥተው ስሞቹን ለማያውቅ ሰው ያስነብቡ።

ፈቃዱ ግልጽ የሆነ ፎንት መምረጥም ያስፈልጋል፤ ፕሮጀክቱ ለዓመታት የሚቆይና በብዙ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ስለሆነ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል በነፃ ሊጫኑ፣ ሊባዙና ከሰነድ ጋር ሊያያዙ በሚያስችል ክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ግልባጮቹ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ መጻፋቸውን ያረጋግጡ፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለ ገባ ዛሬ በአሮጌ የፎንት ኮድ የሚጻፍ ሰነድ ነገ በፍለጋ የማይገኝና በሌላ ማሽን ላይ የማይነበብ ይሆናል።

ሁለት ዓይነት ፊደል ጎን ለጎን የሚቀርብ ከሆነ በተመሳሳይ ነጥብ መጻፍ አይበቃም። የግዕዝ ፊደላት ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ከላቲን ትንንሽ ፊደላት አጠገብ ሲቀመጡ ገዝፈው ይታያሉ፤ መጠኑ በዓይን ተመዛዝኖ መስተካከል አለበት። የመስመሩ ርቀትም ሰፋ ይበል፤ ለረጅም ግልባጭ የፊደሉን መጠን 1.5 እጥፍ ያህል ቢሆን ንባቡ አይታክትም። የጠያቂውን ቃል ከባለታሪኩ ለመለየት የተለመደው ያዘመመ ጽሕፈት ለግዕዝ ፊደል አይስማማም፤ ፊደሉን በግድ የተገፋ ያስመስለዋል። የጠያቂውን ጥያቄ ደመቅ አድርጎ የባለታሪኩን መልስ በተለመደው ውፍረት መተው ወይም ጥያቄውን ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ መጻፍ የተሻለ መፍትሔ ነው።

5. ቀለሙን ይወስኑ

አንድ ጠቆር ያለ የጽሑፍ ቀለም፣ አንድ ፈካ ያለ መደብና አንድ ማጉያ ቀለም ለአብዛኞቹ ፕሮጀክቶች ይበቃሉ። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ ደግሞ ቢያንስ 3 ለ1 የሆነ የንፅፅር ምጣኔ (የጽሑፉና የመደቡ ብሩህነት ልዩነት) ይጠይቃል። ይህን በነፃ የኢንተርኔት መለኪያዎች ማረጋገጥ ይቻላል። የስክሪኑ ንጹሕ ቀይ በነጭ ላይ 4 ለ1 ገደማ ብቻ ስለሚደርስ ለትንሽ ጽሑፍ አይበቃም፤ ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ1 ስለሆነ ጨርሶ አይነበብም። በቃል ታሪክ ሥራ አንባቢዎቹ ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ከመመዘኛው ዝቅተኛ ወሰን ከፍ ብሎ 7 ለ1 ላይ መድረስ ይገባል እላለሁ።

ርእሰ ጉዳዮችን በቀለም ብቻ መለየትም አይገባም፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች በርካታ ናቸው፣ ቅጂውም በጥቁርና ነጭ ሊታተም ይችላል። ከቀለሙ ጋር ቃል ወይም ቅርጽ ይታከልበት። እያንዳንዱ ቀለም ለስክሪን በአርጂቢ (የስክሪን ቀለም መለያ)፣ ለኅትመት በሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም መለያ) ቁጥሩ ተመዝግቦ ይቀመጥ።

6. ምልክቱን ይሥሩ

ማይክሮፎን፣ የንግግር ፊኛ፣ የድምፅ ሞገድ፣ ዛፍ፣ የተጨባበጡ እጆች፦ እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ወደ አእምሮ የሚመጡና የትኛውንም ፕሮጀክት ከሌላው የማይለዩ ናቸው። ማይክሮፎኑ በተለይ መሣሪያውን ከሰውየው ፊት ያስቀድማል። የድምፅ ሞገዱ ከአንድ ባለታሪክ እውነተኛ ድምፅ የተወሰደ ከሆነም ለዚህ አገልግሎት የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በእኔ ግምት በጥንቃቄ የተጻፈ የፕሮጀክቱ ስም ለአብዛኛው ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ምልክት የግድ ካስፈለገ በአንድ ቀለም የሚሠራ፣ በ12 ሚሊሜትር ስፋት ሲታተም የሚለይ፣ በኢንተርኔት ማሰሻ ትር ላይ በሚታየው የ16 ፒክስል ምልክትም የማይጠፋ ይሁን።

ከምልክት ይልቅ ቋሚ ክፈፍ ብዙ ጊዜ የተሻለ መለያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1987 በዋሽንግተን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእይታ የቀረበው የኤድስ መታሰቢያ ብርድ ልብስ እያንዳንዱ ክፍሉ 3 በ6 ጫማ ነበር፤ በዚያ መጠን ውስጥ ቤተሰቦችና ወዳጆች የሟቹን ስም በፈለጉት ጨርቅ፣ ቀለምና ጥልፍ ሠሩ። መጠኑ አንድ በመሆኑ ብቻ ያ ሁሉ ልዩነት አንድ ሥራ ሆኖ ተነበበ። ለቃል ታሪክም እንዲሁ ነው፦ የፎቶው መጠን፣ ጠርዙና የስሙ መስመር ቦታ ከጸኑ በውስጡ ያለው ሰው እንደ ራሱ መሆን ይችላል።

7. ፎቶግራፍና ጥቅስ

የባለታሪኩ ፎቶ በዓይኑ ከፍታ፣ በተፈጥሮ ብርሃን፣ ቃሉን በሰጠበት ቦታ ቢነሣ ይመረጣል። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር ለመለያው አንድነት ስለሚሰጥ ያጓጓል፤ ነገር ግን በሕይወት ያለን ሰው ያለፈ ዘመን ሰው ያስመስለዋልና ባለታሪኩ ካልፈለገው በቀር አይደረግ። ከፎቶ ባንክ የተወሰደ የሌላ ሰው ምስል ግን በምንም ምክንያት አይግባ። በአንዳንድ ማኅበረሰቦች፣ ለምሳሌ በብዙ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ዘንድ፣ የሟችን ምስልና ስም ማሳየት በሥርዓት የተገደበ ስለሆነ ከምስሉ በፊት የሚታይ ማስጠንቀቂያ የንድፉ አካል መሆን አለበት።

ጥቅስ ለፖስተር ሲወጣ ቃሉ በድምፁ ላይ እንዳለ ይጻፍ፤ የተቀነሰ ቃል ካለ በሦስት ነጥብ ይታወቅ፤ ከጥቅሱ ሥር ሙሉው የስም መስመር በቅጂው ውስጥ ቃሉ ከሚገኝበት ሰዓት ጋር፣ ለምሳሌ 00:14:32 ተብሎ፣ ይቀመጥ። ያማረ አባባል ከአውዱ ተነጥሎ የተናጋሪውን ሐሳብ ሊያዛባ ስለሚችል ፖስተሩ ከመታተሙ በፊት ባለታሪኩ ራሱ አይቶ መስማማቱ ይረጋገጥ።

8. የስምምነት ቅጹንና የአጠቃቀም ምልክቶችን ያዘጋጁ

ቅጹ የሕግ ሰነድ ቢሆንም የዲዛይን ሥራም ነው። ጽሑፉ ከ12 ነጥብ አይነስ፤ ፈቃዶቹም በአንድ አንቀጽ አይጨፍለቁ። ድምፁን በክምችት ማስቀመጥ፣ ስምን መግለጽ፣ ፎቶን ማሳየት፣ በኢንተርኔት ማሰራጨትና ለማስታወቂያ መጠቀም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው «አዎ» እና «አይ» ሳጥን ይኑራቸው። ቃሉን በደስታ የሰጠ ሰው ፊቱ በፖስተር ላይ እንዲወጣ ፈቅዷል ማለት አይደለም። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ ጮክ ተብሎ ሲነበብና እሱም ሲመልስ በድምፅ ይቀረጽ።

ማን ምን መስማት እንደሚችል የሚያሳዩ ምልክቶችም ከመለያው ጋር አብረው ይነደፉ። በጄን አንደርሰንና በኪም ክሪስተን እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ሎካል ኮንቴክስትስ የተሰኘው ሥራ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው፤ ነባር ማኅበረሰቦች በዲጂታል ክምችት ላይ የሚለጥፏቸው መለያዎች ምስላቸው ሳይለወጥ፣ ስማቸውንና ማብራሪያቸውን ግን እያንዳንዱ ማኅበረሰብ በራሱ ቋንቋ ይጽፋል። ለአንድ አነስተኛ ፕሮጀክት «ለሁሉም ክፍት»፣ «በማኅበረሰቡ ውስጥ ብቻ» እና «እስከተወሰነ ጊዜ የተዘጋ» የሚሉ ሦስት ምልክቶች ሊበቁ ይችላሉ።

9. በእውነተኛው ሁኔታ ይፈትኑ

ቅጹን ኮፒ አድርገው በደብዛዛ ብርሃን ያንብቡት። ሽፋኑን በስልክ ስክሪን ላይ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን፣ ፖስተሩን ከመንገድ ማዶ ሆነው ይመልከቱት። የመጨረሻው ፈተና ግን የባለታሪኩ ነው፤ የራሱን ገጽ ተሰጥቶት ስሙ፣ ፎቶውና መግለጫው ትክክል መሆናቸውን እሱ ሳይናገር ምንም ነገር አይጽና።

10. ፋይሎችን ያደራጁና ያስረክቡ

ምልክቱ ሲጎላ በማይደበዝዘው የኤስቪጂ ፋይልና በፒዲኤፍ፣ ከጀርባው መደብ በሌለው የፒኤንጂ ምስልም ይቀመጥ፤ ለኅትመት የሚሄዱ ፎቶዎች በሚታተሙበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁኑ። ድምፁ በአፕል ፖድካስትስ የሚሰራጭ ከሆነ የሽፋኑ ምስል ከ1400 በ1400 እስከ 3000 በ3000 ፒክስል መሆን አለበት። ሞዴል ገጾቹን ቡድኑ በየቀኑ በሚጠቀምበት የጽሑፍ ፕሮግራም ማዘጋጀት ይገባል፤ ዲዛይነሩ ብቻ የሚከፍተው ፋይል ዲዛይነሩ በሄደ ማግስት ይሞታል። ከዲዛይነሩ ጋር የሚደረገው ውል የመለያውን ባለቤትነት ለማኅበረሰቡ ወይም እሱን ለሚወክለው አካል በጽሑፍ ያስተላልፍ።

የድምፅና የቪዲዮ ዋናው ቅጂ ከመለያው ነፃ መሆን አለበት። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀረጸው የዌቭ ፋይል ላይ መክፈቻ ሙዚቃ፣ የቪዲዮው ዋና ቅጂ ላይ የውኃ ምልክት (በምስሉ ላይ በስሱ የሚታተም መለያ) አይጨመርበት፤ እነዚህ የሚገቡት ለሕዝብ በሚሰራጨው ቅጂ ላይ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ፈቃድ ሊነሣ እንደሚችል ታስቦ ይሠራ። የእያንዳንዱ ባለታሪክ ፎቶና ጥቅስ በየትኛው ፖስተር፣ ፓነልና ገጽ ላይ እንደ ዋለ በክምችት ቁጥሩ ሥር የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ ይኑር። የዐውደ ርእዩ ፓነሎች ለአንድ ባለታሪክ አንድ ሆነው ቢሠሩ፣ አንዱ ሲነሣ የቀሩት ሳይበላሹ ተጠጋግተው ይቆማሉ። በድረ ገጹ ላይ ደግሞ በተነሣው ገጽ ቦታ የክምችት ቁጥሩና «በባለታሪኩ ጥያቄ ተነሥቷል» የሚል አጭር መስመር ይተው፤ ባለታሪኩ ይህም እንዳይጻፍ ከጠየቀ ገጹ ያለ ምንም ማብራሪያ ይወገድ።